የባል አገር፣ የአባት ስም



ኢትዮጵያዊት ሴት እዚህ ናይሮቢ ውስጥ ኬንያዊ ስታገባ፣ ወይም ባሏ ወዳለበት አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ለመሄድ ወረቀቷን ስታሟላ፣ ከሠርጉ ሽር ጉድ መሐል አንድ ጥያቄ ይመጣባታል፤ «በባልሽ ስም ትጠሪያለሽ ወይስ በአባትሽ?» ብዙ ጊዜ ጥያቄ ሆኖ እንኳ አይመጣም። አማት አለች፣ የባል እህት አለች፣ ሳይበር ቤት ተቀምጦ ቅጽ የሚሞላ ልጅ አለ፤ ሁሉም ያለቀ ነገር አድርገው ይነግሯታል። «ስምሽን ካልቀየርሽ ዲፔንዳንት ፓስ አይሰጡሽም» የሚል ወሬም ይከተላል፤ በባል በኩል የሚገኘውን የመኖሪያ ፈቃድ ማለታቸው ነው። ልጅቷ የአገሩን አሠራር አታውቅም፤ ስዋሂሊውንም ገና እየለመደችው ነው። ጉዳዩ እንዳይጓተትባት ስትል እሺ ትላለች።

ይህ ንግግር የሚነሣው ያንን ወሬ ለማክሸፍ ነው። በኬንያ ሕግ ያገባች ሴት ስሟን እንድትቀይር የሚያስገድድ ድንጋጌ የለም። በኢትዮጵያም የለም። የምትቀይር ሴት ወድዳና አውቃ ትቀይር፤ ፈርታ ግን አትቀይር።

ለናይሮቢው ኢምባካሲ ነዋሪ ነገሩ የቅርብ ነው። ይህ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የዛሬው ጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ያለበት ነው። ከፌዳ፣ ከታሲያ፣ ከፓይፕላይን፣ ከኡታዋላ ተነሥቶ እዚያ የሚሠራ ሰው፣ ወይም ዘመድ ሊሸኝ የሚመላለስ ሰው፣ ቲኬት ላይ የተጻፈ ስም ፓስፖርት ላይ ካለው ስም ጋር ሲለያይ ምን እንደሚከተል ያውቃል። መንገደኛዋ «እኔ ነኝ እኮ» ብትል አይሰማትም። በኤርፖርቱ መስኮት ፊት ስም ማለት ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ነው። ስለዚህ በጋብቻ ጊዜ የሚደረግ የስም ውሳኔ በአዳራሽ ተጨብጭቦለት የሚቀር አይደለም፤ ሴትዮዋን ዕድሜዋን በሙሉ ከመስኮት መስኮት ይከተላታል።

እስቲ ከአገር ቤት እንጀምር። ኢትዮጵያዊ ሰው ስሙን ሲጽፍ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ያሰፍራል። ይህ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ጋብቻ አይነካውም። እቴጌ ጣይቱ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው በፊት ሌሎች ትዳሮች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1883 የምኒልክ ሚስት ሆኑ፤ በኋላም እቴጌ ተባሉ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ስለሆኑ። እቴጌ መነንም ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከማግባታቸው በፊትም በኋላም መነን አስፋው ናቸው። ዘውድ የደፋ ባል እንኳ የሚስቱን የአባት ስም አላስለቀቀም።

እርግጥ በገጠሩ ለሙሽራ አዲስ ስም የማውጣት ወግ አለ። በአማራ አካባቢ ብዙ ቦታ አማት ሙሽራይቱን ወደ ቤቷ ስትቀበል የምትጠራበትን ስም ታወጣላታለች፤ በዚያ ቤት ዕድሜዋን ሁሉ በዚያ ስም ስትጠራ የኖረች ሴት ጥቂት አይደለችም። ልብ መባል ያለበት የሚለወጠው ምን እንደሆነ ነው። የሚለወጠው የራሷ መጠሪያ ነው፤ ያውም በፍቅር፣ በቤት ውስጥ። የአባቷን ስም ግን የሚነካ የለም። አገር ቤት ያለ ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከጋብቻ በፊትም በኋላም ያው ነው።

ሕጉም ከዚህ አልራቀም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስም ሲደነግግ፣ ያገባች ሴት የራሷን ስም ይዛ እንደምትቀጥል ነው ያስቀመጠው። ስም ለመቀየር የሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያቱን ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና የሚስትን መብትና ግዴታ አንድ በአንድ ሲዘረዝር፣ ሚስት የባሏን ስም ትያዝ የሚል ቃል አላስገባም።

ታዲያ ይህ በባል ስም መጠራት ከየት መጣ? ወደ ኬንያ የገባው ከእንግሊዝ አስተዳደርና ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ጋር ነው። በእንግሊዝ የቆየ ሕግ ያገባች ሴት በሕግ ፊት የራሷ ህልውና አልነበራትም፤ ንብረቷም ውሏም በባሏ ሥር ይጠቀለል ነበር፤ ስሟም አብሮ ሄደ። አሜሪካዊቷ ሉሲ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1855 አግብታ የራሷን ስም ይዛ በመቅረቷ ያን ያህል መነጋገሪያ የሆነችው ለዚህ ነው። በ1879 በማሳቹሴትስ ለትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ልትመዘገብ ስትሄድ፣ በባልሽ ስም ካልሆነ ተብላ ተከለከለች።

የኬንያው የኪኩዩ ብሔረሰብ የቀድሞ አጠራር ግን ከእኛው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ እከሌ የእከሌ ልጅ ተብሎ ነው የሚጠራው። ለዚህ ከአንዲት ታላቅ ሴት የተሻለ ምስክር የለም።

ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1940 በኔሪ አካባቢ በኢሂቴ መንደር ሲወለዱ ዋንጋሪ ሙታ ነበሩ። ሙታ የአባታቸው ስም ነው። ይህ አጻጻፍ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ባሕር ዳር የተወለደች ልጅም በዚሁ መንገድ ነው የምትጠራው። በ1969 ምዋንጊ ማታይን አገቡና በጊዜው ልማድ የባላቸውን ስም ወሰዱ። በዚያ ስም በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ዶክትሬት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩበት። በ1977 አረንጓዴ ቀበቶ የተባለውን ንቅናቄ በዚያው ስም መሠረቱ።

ትዳሩ ግን አልጸናም። ባላቸው ክስ አቅርበው በ1979 ፍቺው በፍርድ ቤት ተወሰነ። ስለ ዳኛው ለመጽሔት በሰጡት አስተያየት ምክንያት ዋንጋሪ ስድስት ወር ተፈርዶባቸው ወደ ላንጋታ የሴቶች እስር ቤት ተወሰዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተለቀቁ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ የቀድሞ ባላቸው ስሜን አትጠቀሚበት አሉ። እንግዲህ ዲግሪው፣ የጥናት ጽሑፉ፣ ንቅናቄው ሁሉ በዚያ ስም ነው የሚታወቀው። ዋንጋሪ ወደ ኋላም አልተመለሱም፣ ስሙንም እንዳለ አልያዙም። በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ላይ አንድ «ኤ» ፊደል ጨመሩበትና ከባላቸው ስም የተለየ፣ የራሳቸው ብቻ የሆነ ስም አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው ለዚያ ስም ነው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የብልሃት ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። ብልሃት አለበት። ግን የሚበልጠው ሕመሙ ነው። በሙያዋ ስም ያተረፈች ሴት፣ ያፈራችው ሁሉ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ አገኘችው። በተወለደችበት አገር፣ ቋንቋውን እየተናገረች፣ ዶክትሬት ይዛ ይህ ከደረሰባት፣ በባዕድ አገር በዲፔንዳንት ፓስ የምትኖር ሴትማ ምን ልትሆን ነው? ለስደተኛ ሚስት ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በባሏ ላይ የተደገፈ ነው። ስሟም በእሱ ላይ ከተደገፈ፣ ትዳሩ ሲናጋ ሁለቱም አብረው ይናጋሉ።

ከዋንጋሪ ዘመን ወዲህ የኬንያ ሕግ ብዙ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 45 ባልና ሚስት ሲጋቡ፣ በትዳር ውስጥ ሳሉና ሲፋቱ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 15 ደግሞ ከኬንያዊ ጋር ቢያንስ ሰባት ዓመት በትዳር የቆየ ሰው አመልክቶ ዜጋ ሆኖ የመመዝገብ መብት ሰጥቶታል። ከዚያ በፊት ይህ መብት ለውጭ አገር ሚስቶች ብቻ ነበር፤ ኬንያዊት ያገባ የውጭ አገር ወንድ አያገኘውም ነበር። ሁለቱም አንቀጾች ስለ ስም መቀየር አይናገሩም። የክርስቲያን፣ የሲቪል፣ የባህል፣ የሂንዱና የእስልምና ጋብቻን በአንድ ያሰባሰበው የ2014ቱ የጋብቻ ሕግም ቅድመ ሁኔታ ሲደረድር የስም ለውጥን አልጨመረም። ኬንያ በ2010 ያጸደቀችው የአፍሪካ ሴቶች መብት ፕሮቶኮል፣ የማፑቶው፣ በአንቀጽ 6 በግልጽ ይናገራል፤ ያገባች ሴት የራሷን ስም የመያዝ፣ እንደወደደች ለብቻው ወይም ከባሏ ስም ጋር አጣምራ የመጠቀም መብት አላት።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ሰው የሚቸገረው እዚያ ስለሆነ።

በናይሮቢ የሲቪል ጋብቻ የሚፈጽሙ ጥንዶች የጋብቻ መዝጋቢው ቢሮ ባለበት ሸሪያ ሃውስ ማመልከቻ አስገብተው የ21 ቀን ማስታወቂያ ይወጣላቸዋል። የውጭ ዜጋዋ ያላገባች ለመሆኗ ከአገሯ ማስረጃ ታመጣለች። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስሟ በፓስፖርቷ ላይ ያለው ነው። ከዚያ ወደ ኛዮ ሃውስ ኢሚግሬሽን ሄዳ ዲፔንዳንት ፓስ ታመለክታለች፤ ሰዉ ኤሊየን ካርድ የሚለውን የውጭ ዜጋ መታወቂያም ታወጣለች። ሁለቱም ፓስፖርቷን ተከትለው ነው የሚሠሩት። የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱ ኤምፔሳ በመታወቂያው ስም ይመዘገባል፤ የባንክ ሒሳብም እንዲሁ። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት እስከያዘች ድረስ የሁሉም ሥር ፓስፖርቷ ነው፤ እሱን የሚሰጠው ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ኬንያ ውስጥ በባሏ ስም መጠራት ስለጀመረች ፓስፖርቷ አይለወጥም።

ችግር የሚፈጠረው ነገሩ በግማሽ ሲደረግ ነው። በሥራ ቦታ በባል ስም፣ በፓስፖርት በአባት ስም፤ በልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ እናት በባል ስም፣ በጋብቻ ወረቀት ላይ በአባት ስም። ከዓመታት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት እነዚህን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያያቸው ሁለት ሴቶች ይታዩታል። ያኔ ቃለ መሐላ፣ ጠበቃ፣ ኤምባሲ፣ ምልልስ ይጀመራል። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ዲግሪ በአባት ስም ነው፤ በአዲሱ ስም ሥራ ስታመለክት ዲግሪው የእሷ መሆኑን ማስረዳት አለባት።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የውርስ ጉዳይ ነው። አባት አገር ቤት ቢያርፍ ልጅ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። የአባቷን ስም የያዘች ልጅ ስሟ ራሱ ይናገርላታል። ስሟን የቀየረችው ግን በኀዘን ላይ ሆና፣ ከናይሮቢ ተመልሳ፣ እኔና ያቺ ልጅ አንድ ነን ብላ ማስረጃና ምስክር ታቀርባለች። ይህ አይቻልም ማለት አይደለም። ግን ማንም ለዚያ ቀን አስቦ የሠርጉን ቅጽ አይሞላም፤ ማሰብ የሚገባው ግን ያኔ ነበር።

በሌላው ወገን የሚነሣው ክርክርም ሊደመጥ ይገባዋል። «እናትና ልጅ የተለያየ ስም ይዘው ድንበር ላይ ሲደርሱ ይጠየቃሉ» ይባላል። እውነት ነው፣ ይጠየቃሉ። ቦሌ ላይ እናትና ልጅ የተለያየ የአባት ስም መያዛቸው የማንንም ዓይን አይስብም፤ ሌላ አገር ግን ይስባል። መፍትሔው ግን ስሙ ሳይሆን የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ከልጅ ጋር የሚጓዝ ሁሉ የእናትና የአባት ስም ያለበት ሙሉ የልደት ምስክር ወረቀት እንዲያሳይ ስታዝ፣ ከልጇ ጋር አንድ ስም ያላት እናትም ወረቀቱን ከማቅረብ አልዳነችም። ደንቡ በኋላ ቢላላም ትምህርቱ ይቀራል፤ እናትነትን የሚያስረዳው ወረቀት ነው። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናት ስም በፓስፖርቷ እንዳለው ተጽፎበት፣ በእጅ መያዝ ከስም ለውጥ ሁሉ ይበልጣል።

ልጅን በተመለከተ ደግሞ ኬንያ ራሷ ያላት ደስ የሚል ወግ አለ። በኪኩዩ ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ይሰየማል፤ ሁለተኛው ወንድ ልጅ በእናቱ አባት። ሴቶቹም በዚሁ ተራ በሁለቱ አያቶቻቸው። ኢትዮጵያዊት እናት ከዚህ ቤት ስትገባ የአባቷ ስም በሁለተኛው ልጇ ላይ በሙሉ ክብር ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ሌላው የኬንያ ብሔረሰብ ሉዎዎች ሌላ መንገድ አላቸው፤ ኦቲዬኖ በሌሊት የተወለደ ወንድ፣ አኪኚ በማለዳ የተወለደች ሴት ልጅ ስም ነው። የባል ቤተሰብ ባህላችን ይከበር ሲል፣ ባህሉ ለሚስት ወገንም ስፍራ እንዳለው አብሮ ማንሳት ተገቢ ነው።

ወድደው የቀየሩም አሉ፤ ታሪካቸው ሊነገር ይገባል። ወይዘሮ ሪታ በሮማንያ የተወለዱ፣ በእንግሊዝ የተማሩ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የገቡ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ሪቻርድ ፓንክረስትን አገቡና ሪታ ፓንክረስት ተባሉ፤ በዚያ ስም የአዲስ አበባውን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት መሩ። ይህ ስም ግን የባላቸው አባት ስም አልነበረም። የሪቻርድ እናት፣ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ የልጃቸውን አባት ጣሊያናዊውን ሲልቪዮ ኮሪዮን በሕግ ለማግባትም ሆነ ስሙን ለመውሰድ ፈቃደኛ አልነበሩም፤ በ1927 የተወለደው ልጃቸው የእናቱን ስም ያዘ። ስለዚህ ሪታ የወሰዱት አንዲት ሴት አልለቅም ብላ ያቆየችውን ስም ነው። ሲልቪያ በ1960 አርፈው አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል።

የአባትንም የባልንም አጣምረው የያዙ ደግሞ አሉ። በሎስ አንጀለስ የምትኖረው ኢትዮጵያዊት የፋሽን ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2007 ታዋቂውን ሼፍ ቮልፍጋንግ ፑክን ስታገባ ገሊላ አሰፋ ፑክ ተባለች። አሰፋ አልተሰረዘም። ስም መጨመር ለምትፈልግ ሴት በዚህ ተናጋሪ እምነት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይኸ ነው፤ የድሮ ወረቀቷንና አዲሱን የሚያገናኝ ድልድይ በስሟ ውስጥ ይቀራልና።

ከናይሮቢ ተነሥተው ወደ ሌላ አገር ለሚሻገሩትም ጥቂት ነገር። አሜሪካ ያለ ባል ለሚስቱ ሲያመለክት የስም ለውጥ አይጠየቅም። የአሜሪካ ዜጋ ሚስት ብዙ ጊዜ ከሦስት ዓመት ቋሚ ነዋሪነት በኋላ ዜግነት ታመለክታለች፤ ስሟን መቀየር ከፈለገች ያኔ በዚያው ማመልከቻ ላይ መጠየቅ ትችላለች። ስለዚህ የምትቸኩልበት ምክንያት የለም። ካናዳ ውስጥ ኩቤክ የምትገባ ሴት ደግሞ ተቃራኒውን ታገኛለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ እዚያ ባልም ሚስትም በመብታቸው የሚጠቀሙት በየራሳቸው ስም ነው። ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በሕግ የምታስገድደው ጃፓን እንኳ፣ ዜጋዋ የውጭ ሰው ሲያገባ ይህን ግዴታ አትጥልበትም።

ከሰባት ዓመት በኋላ የኬንያ ዜግነት የምትጠይቅ እህት አንድ ነገር ታስብበት። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ወድዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከአገሯ ጋር የሚያገናኛት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰዉ ቢጫ ካርድ የሚለው ነው። እሱን ለማውጣት ትውልዷን ማስረዳት ይጠበቅባታል። በኬንያ ፓስፖርቷ ላይ የአባቷ ስም ካለ ማስረዳቱ ይቀላታል።

ይህን ሁሉ ሰምታም እቀይራለሁ የምትል ሴት መብቷ ነው። እንግዲያው ከሥሩ ትጀምር፤ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ከዚያ የልደት ማስረጃ፣ ከዚያ ፓስፖርት። የኬንያ መታወቂያ፣ ባንክና ኤምፔሳ ቀጥሎ ይምጣ። ውሳኔውን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጣ ብዙ ቅጂ ታኑር። ሁሉም እስኪያልቅ ቲኬት አትቁረጥ።

ለባሎችና ለአማቶችም ልመና አለ። ሙሽራይቱ አገሯን፣ ቋንቋዋን፣ የእናቷን ቤት ትታ መጥታለች። በቤታችሁ በፍቅር የምትጠራበትን ስም አውጡላት፤ ፓስፖርቷን ግን ለእሷ ተዉላት። እናንተም የምታገቡ እህቶች፣ የ21 ቀኑ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ከእጮኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ ቅጹን ራሳችሁ አንብቡ፣ በፓስፖርታችሁ እንዳለ ፊደል በፊደል ሙሉ፣ ያልገባችሁን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።